ሞሊዎቹ አንድ ቦታ ቆመው ይወዛወዛሉ፤ ጨው ልጨምር?

ጥያቄውን በዓሣ አርቢዎች የኢንተርኔት መድረክ ላይ የለጠፈችው ዓሣ ማርባት ገና የጀመረች ሴት ናት። ገንዳዋ 60 ሊትር ይይዛል። ሞሊ የሚባሉ ስድስት ዓሦች አስገብታበታለች፤ ሦስቱ ወንድ፣ ሦስቱ ሴት። ውሃው ጥርት ያለ ነው፤ ማሞቂያውም 26 ዲግሪ ላይ ነው። ዓሦቹ ግን መዋኘት ትተዋል። ክንፋቸውን ወደ ሰውነታቸው ሰብስበው አንድ ቦታ ይቆሙና ከራስ እስከ ጅራት ይወዛወዛሉ። መዋኘት እንዳይባል፣ ወደፊት አይሄዱም። ማረፍ እንዳይባል፣ አያቆሙም። አንዱ ወንድ ሞቷል። ሞሊ ያለ ጨው አይኖርም የሚባል ነገር ሰምታለች። እውነት ከሆነ ልኩ ስንት እንደሆነ ጠየቀች።

የተሰጡትን መልሶች በተራ ቁጥራቸው አወራችኋለሁ። ሞሊ ጠንካራ ዓሣ ነው፣ ለጀማሪ ይሆናል እየተባለ ይሸጣል። ከዚያ በማይሆነው ውሃ ውስጥ አንድ በአንድ ያልቃል። ይህ በጣም ያናድደኛል። የዚህች ሴት ጥያቄ ያስነሳው ክርክር ደግሞ ነገሩ ለምን እንደሚደጋገም በደንብ ያሳያል።

መልስ 1 ከደግ ሰው የመጣ ነው። ጠያቂዋን በደስታ ተቀብሎ ጨው የግድ መሆኑን፣ ለ20 ሊትር ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ በቂ መሆኑን ነገራት። ምክንያቱ ደግሞ ሞሊ የባሕር ዓሣ መሆኑ ነው አለ።

መልስ 2 ቶሎ ብሎ አረመው። ሞሊ የባሕር ዓሣ አይደለም። ከደቡባዊ አሜሪካ ጀምሮ በሜክሲኮ አድርጎ እስከ መካከለኛው አሜሪካና ከዚያም ወደ ደቡብ ባሉ ወንዞች፣ ኩሬዎችና የባሕር ዳር ረግረጎች ይኖራል። አንዳንዱ ጨዋማ ውሃ ውስጥ አለ፣ አንዳንዱ ጨው የሚባል ነገር በማያውቅ ወንዝ ውስጥ። በገንዳ የምናረባው ደግሞ በአብዛኛው የተለያዩ ዝርያዎች ድቅል ነው። ጸሐፊው ይህን በአምስት መስመር ጨርሶ ሄደ።

መልስ 3 አጭር ነው፤ ለእኔ ግን ከሁሉም በፊት መምጣት የነበረበት እሱ ነው። ምክር አልሰጠም። ገንዳው ከተቋቋመ ስንት ጊዜው እንደሆነ፣ የአሞኒያና የናይትራይት ልኬቱ ስንት እንደሆነ፣ ማጣሪያው እንዴት እንደሚታጠብ ብቻ ጠየቀ።

መልስ 4 የጠያቂዋ ነው። ገንዳው ሁለት ሳምንቱ ነው። መመርመሪያ የላትም። ንጽሕና ስለምትወድ በየሦስት ቀኑ ውሃውን በሙሉ ትቀይራለች፤ የማጣሪያውን ስፖንጅም በቧንቧ ውሃ አሽታ ታጥባለች። እንዲህ እየለፋች ዓሣዎቿ መታመማቸው እንዳሳዘናት ጻፈች።

መልስ 5ን የጻፉት ሌሎቹ ጋሼ እያሉ የሚጠሯቸው ሰው ናቸው። ረጋ ብለው ከመሠረቱ ጀመሩ። ዓሣ አሞኒያ ያወጣል፤ በብዛት የሚወጣውም በሚተነፍስበት ስንጥቡ በኩል ነው። የተረፈ ምግብም ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያ ዓሣን ይመርዛል፤ ቀለም ስለሌለው ግን ውሃው ጥርት ብሎ ይታያል። በማጣሪያው ስፖንጅ ላይ የሚያድጉ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይቀይሩታል፤ ናይትራይትም መርዝ ነው። ሌሎች ባክቴሪያዎች ደግሞ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይቀይሩታል፤ ይህ ብዙም አይጎዳም፣ በየሳምንቱ ከውሃው ሩብ ያህሉን ሲቀይሩ ይቀንሳል። እነዚህ ባክቴሪያዎች ተራብተው የሚበቁት ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ስፖንጁን ክሎሪን ባለው የቧንቧ ውሃ ማጠብ ማለት እነሱን ገድሎ እንደገና ከዜሮ መጀመር ነው። ስለዚህ ስፖንጁ ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ብቻ ጨመቅ ጨመቅ ይደረጋል፣ በቃ። ጋሼ ልጅቷን አልወቀሷትም። ለንጽሕና ያላትን ፍቅር አመስግነው አቅጣጫውን ብቻ አስተካከሉላት። ከዚህ የተሻለ መልስ አሰጣጥ አላውቅም።

እዚህ ላይ የክሩ፣ ማለትም የመልሶቹ ሰንሰለት፣ መልክ ተቀየረ። በመልስ 6 አንድ ሰው ይህ ሁሉ ኬሚስትሪ ገበያ ለማሟቅ የመጣ ነው ብሎ ተነሳ። እሱ ለዓመታት ሞሊ ሲያረባ ውሃ ለክቶ እንደማያውቅ፣ ዓሦቹም ፏ ብለው እንደሚኖሩ ጻፈ። መልስ 7 በስድብ አፋፍ ላይ ቆሞ መለሰለት፤ ለዓመታት የቆየ ገንዳ ባክቴሪያው የዳበረ ስለሆነ ከሁለት ሳምንት ገንዳ ጋር ሊነጻጸር እንደማይችል ነገረው። ሐሳቡ ልክ ነው፣ አነጋገሩ ግን ሰው ያባርራል። መልስ 8 የ6 ቁጥሩ መልሶ መምታት ነው፤ ስለ ዓሣ አንድም ቃል የለበትም። መልስ 9 ላይ አወያዩ ገብቶ ሁለቱንም ገሠጸ።

መልስ 10 ላይ ጠያቂዋ መመርመሪያ አግኝታ ተመለሰች። አሞኒያ በሊትር 1 ሚሊግራም። ናይትራይት 2። ፒኤች፣ ማለትም የውሃው የአሲድነት ልክ፣ 6.8። የውሃው ጥንካሬ፣ ማለትም በውስጡ የሟሟው ማዕድን፣ 4 ዲግሪ። የቧንቧው ውሃም ፒኤቹና ጥንካሬው ያው ነው። ይህን ጊዜ ክሩ ሞቅ አለ። ቁጥር ሲመጣ ወሬው ሁሉ ፈር ይይዛል።

መልስ 11 የኬሚስትሪ ዕውቀት እንዳላት የምታስታውቅ ሴት የጻፈችው ነው። የጨውን ጉዳይ በትክክል ያስቀመጠችው እሷ ናት። ሞሊ የሚፈልገው ጠንካራ ውሃ ነው፤ ካልሲየምና ማግኒዥየም የበዛበት፣ ጥንካሬው ከ15 ዲግሪ በላይ ቢሆን የሚወደድ፣ ፒኤቹም ከ7.5 እስከ 8.5 የሆነ። 4 ዲግሪ ውሃ ውስጥ የሚኖር ሞሊ በሰውነቱ ውስጥ ያለውን ማዕድን ለመጠበቅ ያለ ዕረፍት ይታገላል። ያ ውዝዋዜ ከዚህ ሊመጣ ይችላል። ከብርድም ይመጣል፤ ከአሞኒያም። ራሱን የቻለ በሽታ አይደለም፣ ዓሣው ውሃው አልተስማማኝም የሚልበት ምልክት ነው። የገበታ ጨው ግን ሶዲየምና ክሎራይድ ብቻ ነው፤ ካልሲየም የለበትም። አንድ ኪሎ ብትጨምሪበት ጥንካሬው አንድ ዲግሪ አይነሳም። ለባሕር ገንዳ የሚዘጋጀው ጨው ሌላ ነው፤ እሱ ማግኒዥየምም ካልሲየምም አለበት።

ታዲያ ብዙ ሰው ጨው ጨምሮ ዓሣው ሲሻለው ያየው ለምንድን ነው? ይህንንም መለሰችው። ናይትራይት በስንጥብ በኩል ወደ ደም ሲገባ ደሙ ኦክሲጅን መሸከም ያቅተዋል፤ ወደ ቡናማነትም ይለወጣል። ክሎራይድ ደግሞ የናይትራይትን መግቢያ ይሻማል። ውሃው ውስጥ ክሎራይድ ከበዛ ወደ ዓሣው ደም የሚገባው ናይትራይት ይቀንሳል። ስለዚህ አዲስ ገንዳ ውስጥ ጨው በእርግጥ ዕድሜ ይገዛል። ያዳነው የሞሊን የጨው ጥም አርክቶ ሳይሆን ከናይትራይት ከልሎ ነው። መልስ 1ን የጻፈው ሰው የነገራት ምክር በልምድ የተፈተነ ነበር ማለት ነው፣ ምክንያቱ ብቻ ሌላ ነው። እሱም በመልስ 12 መጥቶ በጨዋነት አመሰገናት።

መልስ 13 ላይ ነው ነገሩ አደገኛ የሆነው። አንዱ ቅን ሰው ጥንካሬና ፒኤች ካነሰ መፍትሔው ቀላል ነው ብሎ፣ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጣ ዛሬውኑ ፒኤቹን 8 እንድታደርሰው መከራት። ሁለት ሰዎች ደግፈውት አለፉ፤ መልስ 14 እና 15።

መልስ 16 የመጣው እንደ ጩኸት ነው። የ11 ቁጥሯ ሴት ናት። እንዳትጨምሪ ነው የመልእክቱ ሁሉ ፍሬ ነገር። አሞኒያ ውሃ ውስጥ በሁለት መልክ ይገኛል፤ አንዱ ብዙም አይጎዳም፣ ሌላው ይገድላል። የትኛው እንደሚበዛ የሚወስነው በዋናነት ፒኤቹ ነው። በ25 ዲግሪ ሙቀት ፒኤች 7 ላይ ገዳዩ ከጠቅላላው 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። ፒኤች 8 ላይ ግን ወደ 5 በመቶ ይጠጋል። ያው መጠን አሞኒያ፣ ያው ዓሣ፤ መርዙ ግን አሥር እጥፍ ገደማ ሆነ ማለት ነው። እስካሁን ዓሦቹን በሕይወት ያቆያቸው ያ የማይወዱት ዝቅተኛ ፒኤች ነው። ሶዳው ደግሞ ፒኤቹን ቢያነሳም ካልሲየም የለውም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው አለች፤ መጀመሪያ አሞኒያውና ናይትራይቱ ይውረዱ፣ ጥንካሬው ከዚያ በኋላ ቀስ ብሎ ይነሳል።

እኔ ከክሩ ሁሉ የምወደው ይህን መልስ ነው። ለሞሊ ጠንካራ ውሃ ይሻለዋል የሚለው ምክር እውነት ነው፤ በየመጽሐፉም አለ። አሞኒያ ባለበት ገንዳ ውስጥ በአንድ ቀን ከተተገበረ ግን ዓሦቹን ይጨርሳቸዋል። ብዙ ሰው ዓሣውን የሚያጣው በትክክለኛ ምክር ነው፤ ጊዜውን ስቶ ስለሚጠቀምበት። ይህ ነገር ለጀማሪ በግልጽ ሲነገር አልሰማም፤ ስለዚህ ደግሜ እጽፈዋለሁ። መጀመሪያ ለኩ። አሞኒያ ዜሮ ካልሆነ ፒኤች አትንኩ።

መልስ 17 ላይ ጋሼ ተግባሩን ዘረዘሩላት። ለጊዜው በየቀኑ ከውሃው ሲሶውን መቀየር፤ የሚገባው ውሃ ሙቀቱ ከገንዳው እኩል ይሁን፣ ክሎሪን ማስወገጃም ይጨመርበት። ውሃ ማሳደር ክሎሪንን ያስወጣል፤ የውሃ ድርጅቱ ክሎራሚን የሚባለውን የክሎሪን ውህድ የሚጠቀም ከሆነ ግን አይወጣም። ምግብ በሁለት ቀን አንድ ጊዜ፣ በቁንጥጫ። ጨው በሊትር 1 ግራም ያህል፣ ናይትራይቱ ዜሮ እስኪሆን ብቻ። የዳበረ ጤነኛ ገንዳ ያለው ሰው ካወቀች ከዚያ ማጣሪያ ቁራጭ ስፖንጅ ወስዳ የራሷ ውስጥ ትክተተው፤ ባክቴሪያው አብሮ ስለሚመጣ ሳምንታት ያተርፍላታል።

መልስ 18 ሌላ ጣጣ ይዞ መጣ። ጠያቂዋ አንዱ ጥቁር ወንድ ከንፈሩ ላይ ነጭ ነገር እንዳበቀለ ጻፈች። መልስ 19 ነጭ ነጠብጣብ በሽታ ነውና ሙቀቱን 30 አድርሺው አላት። መልስ 20 ሳይፎክር አላለፈም፤ ስዕል ሳያዩ በሽታ የሚሰይሙ ሰዎች ከዓሣ ገዳይ እንደማይለዩ ጻፈ። ትንሽ ከርሮ ነበር። ፍሬ ነገሩ ግን መያዝ ያለበት ነው። ነጭ ነጠብጣብ ማለት በቆዳና በክንፍ ላይ እንደ ጨው ቅንጣት ተበትኖ የሚታይ ጥገኛ ተውሳክ ነው፤ እያንዳንዱ ነጥብ ለብቻው ይቆጠራል፤ ጥቁር ሞሊ ላይ ደግሞ ከሩቅ ይለያል። ሙቀት ሲጨምር የተውሳኩ ዑደት ይፈጥናል፤ ከዓሣው ወጥቶ ውሃ ውስጥ ሲዋኝ መድኃኒት ያገኘዋል። አፍ ዙሪያ እንደ ባዘቶ ተለጥፎ የሚታየው፣ አንዳንዴም ጀርባ ላይ እንደ ኮርቻ ገርጥቶ የሚወጣው ግን ኮለምናሪስ የሚባል ባክቴሪያ ነው። እሱን ሙቀት ያባብሰዋል። የአንዱ ፈውስ ለሌላው ነዳጅ ነው።

ጠያቂዋ ፎቶ ለጠፈች። ባዘቶው ነበር። መልስ 21 ያንን ዓሣ ለብቻው እንድታደርገውና ለባክቴሪያ የሚሆን የዓሣ መድኃኒት በሌላ ዕቃ ውስጥ እንድትሰጠው ነገራት፤ ዋናው ገንዳ ውስጥ ብትጨምረው ገና ያልዳበረውን ማጣሪያ ሊጎዳባት ስለሚችል። ዓሣው በማግስቱ ሞተ። ቀጥለው የመጡት ሁለት መልሶች ማጽናኛ ናቸው።

መልስ 24 ወደ ሌላ ጉዳይ ወሰደን፤ ጥሩ አድርጎ ግን። ለሦስት ሴት ሦስት ወንድ መሆኑ መጀመሪያውኑ ልክ አልነበረም አለ። የሞሊ ወንድ ቀኑን ሙሉ ሴት ሲያባርር ይውላል። ለአንድ ወንድ ሁለት ወይም ሦስት ሴት ከሌለ ሴቶቹ ዕረፍት አጥተው ይታመማሉ። መለየቱ ቀላል ነው፤ ሆዷ ሥር ያለው የኋላ ክንፍ እንደ ማራገቢያ የተዘረጋው የሴቷ ነው፣ የወንዱ ጠቦ እንደ ዘንግ የሾለ ነው። መልስ 25 ደግሞ ስለ ምግብ ተናገረ። ሞሊ አልጌ ጋጭ ነው። ሥጋ ሥጋ የሚል ምግብ ብቻ ሲሰጡት ሆዱ ይነፋል። ስፒሩሊና የሚባል አልጌ መሰል ነገር ያለበት ምግብ፣ በፈላ ውሃ ለብ የተደረገ ስፒናች ወይም ዙኪኒ ይፈልጋል። ገንዳው ውስጥ ድንጋይ ላይ የሚወጣውን አረንጓዴ ሁሉ ፍቆ ማጥፋት አያስፈልግም፤ ምግቡ ነው።

ከመልስ 26 እስከ 29 ክሩ ጠፋ። አንዱ አማዞን ሞሊ የሚባለውን አነሳ። በደቡብ ቴክሳስና በሰሜን ምሥራቅ ሜክሲኮ የሚኖር፣ ሴቶች ብቻ የሆኑበት ዓሣ ነው፤ ይህ ጠባዩ በሳይንስ የታወቀው በ1932 እ.ኤ.አ. ነው። ከሌላ ሞሊ ወንድ ጋር ይገናኛሉ፤ ዘሩ ዕንቁላሉን ይቀሰቅሳል እንጂ አባትነት የለውም፤ ልጆቹ እናታቸውን ናቸው። ሌላው በሜክሲኮ ታባስኮ፣ ሰልፈር በሞላበት መርዛማ የዋሻ ውሃ ውስጥ የሚኖሩ ሞሊዎች እንዳሉ ጨመረ። መልስ 28 ከዚህ ተነስቶ እንግዲያው ሞሊ ምንም ውሃ ይችላል ማለት ነው ብሎ ደመደመ። መልስ 29 ተቆጣ። የዋሻው ዓሣ ያን የቻለው ስፍር ቁጥር በሌለው ትውልድ ተለውጦ ነው፤ ከሱቅ የመጣ ሞሊ በአንድ ሌሊት እንዲለምድ አይጠበቅበትም። ሞሊን ቀስ በቀስ እስከ ባሕር ውሃ ጨዋማነት ማለማመድ ይቻላል፤ ቀስ በቀስ የሚለው ቃል ላይ ነው ልፋቱ ሁሉ። በሌላ በኩል አብረውት ያሉት ኒዮን ቴትራ ወይም ኮሪዶራስ ከሆኑ ጨውም ጠንካራ ውሃም አይስማማቸውም። ከሞሊ ጋር ጉፒ፣ ፕላቲና ስወርድቴይል ይሻላሉ። ቁጣው ፍሬ ነበረው።

መልስ 30 ጠያቂዋ ከሳምንታት በኋላ የጻፈችው ነው። አሞኒያ ዜሮ። ናይትራይት ዜሮ። ናይትሬት 20። ከዚያ በኋላ ነው የተፈጨ ኮራል በጨርቅ ከረጢት አድርጋ ማጣሪያው ውስጥ የከተተችው። ኮራሉ ካልሲየም ስላለበትና በዝግታ ስለሚሟሟ ጥንካሬው ወደ 9 ወጣ፣ ፒኤቹም 7.6 ላይ ረጋ። ገና ይቀረዋል፤ ግን መንገድ ላይ ነው። የቀሩት አንድ ወንድና ሦስት ሴት ክንፋቸውን ዘርግተው ከጥግ ጥግ ይዋኛሉ፣ የማሞቂያውን መስታወት እየላሱ አልጌ ይለቅማሉ። እሷም ስፖንጁን ከቧንቧ አርቃለች። ስድስቱም ቢሆኑ ለ60 ሊትር ይበዙ ነበር፤ አራት ይበቃሉ።

ከዕፅዋቱ ሥር ደግሞ አንድ ሴንቲ ሜትር የማይሞሉ ጫጩቶች አይታለች። ሞሊ ዕንቁላል አይጥልም፣ ይወልዳል፤ ከአንድ ወር ገደማ እርግዝና በኋላ በአንድ ጊዜ ከ20 እስከ 60 ያህል ሊወልድ ይችላል። መልስ 31 እናቲቱን አስቀድሞ መውለጃ ሳጥን ውስጥ መክተት ነበረብሽ አለ። መልስ 32 አልተስማማም፤ ያቺ ጠባብ ሳጥን እናቲቱን ታስጨንቃለች፣ ጃቫ ሞስ ወይም ሆርንዎርት የሚባል የውሃ ተክል ጥቅጥቅ ብሎ ካለ የሚተርፈው ይተርፋል። እኔም ከ32 ጋር ነኝ።

መልስ 33 ሲበዙ ወንዝ ውስጥ መልቀቅ ነው ብሎ በቀላሉ ጻፈ። መልስ 34፣ 35 እና 36 አልማሩትም። ሞሊ ከአገሩ ውጭ በብዙ የሞቀ ውሃ ተለቅቆ ተስፋፍቷል፤ የአካባቢውን ዓሦች ምግብና ቦታ ይሻማል፣ በሽታም ይዞ ይገባል። ከሦስቱ አንዱ አነጋገሩ መረን የለቀቀ ስለነበር አወያዩ ሰረዘው። እኔ ግን በዚህ ጉዳይ ለስላሳ መሆን አልችልም። የገንዳ ዓሣ ወንዝ አይገባም፤ ለሌላ አርቢ ይሰጣል ወይም ለሱቅ ይመለሳል።

የመጨረሻው መልስ 37 የጋሼ ነው። መውለድ እንዲቆም ከፈለገች ሴቶቹን ከወንዱ ትለያቸው። ብቻቸውን ከሆኑ በኋላም ለወራት ቢወልዱ እንዳትደነግጥ፤ ሴት ሞሊ የወንዱን ዘር በሆዷ አቆይታ ከአንድ ግንኙነት ደጋግማ ትወልዳለች። ጫጩቶቹም ወንድና ሴታቸው እንደታወቀ ወዲያው ይለያዩ፤ እኅትና ወንድም መሆናቸው አያግዳቸውም።